ደብተሩ የማን ነው?

ይህ ፖስት ረዘም ይላል። ያልተመቸው ይለፈው። የሚሰድበኝ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይስደበኝ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው እሁድ ነው። እዚህ ላሊበላ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታው አልተጀመረም። ፊት ያሉት ሦስት ልጆች፣ ሦስቱንም አስተምሬያቸዋለሁ፣ ክርክር ይዘዋል። የአርሴው ደጋፊ «ኤዱ ሄዶ አንድሪያ ቤርታ መምጣቱ ነው የጠቀመን። ሰውዬው ከአትሌቲኮ ጀምሮ ተጫዋች መግዛት ያውቅበታል» ይላል። የማንቼው ደግሞ «እኛ ዳን አሽዎርዝን ከኒውካስል ለማምጣት ስንት ወር ጠብቀን በአምስት ወር ሸኘነው። እዚህ ላይ ነው የሞትነው» ይላል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆይቶ እንዲህ አለ፦ «ቴን ሃግን ውል አራዝመውለት አራት ወር ሳይሞላ አባረሩት። መባረር የነበረበት ያራዘመው ሰው ነው።»

እውነቴን ነው፣ ኮራሁባቸው። ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ቁጭ ብሎ ለንደንና ማንችስተር ውስጥ ማን ማንን እንደቀጠረ፣ ለምን እንደቀጠረ፣ ምን እንዳተረፈ መተንተን ቀላል አይደለም። አርቴታ ሁለት ዓመት በተከታታይ ስምንተኛ ወጥቶ ያልተባረረበትን ምክንያት ከእኔ በተሻለ አስረዱኝ።

ከዚያ እኔ አፌ አላርፍ ብሎ ጠየቅኳቸው። «የወልድያን ቡድን ተጫዋቾች የሚመለምለው ማን ነው?» ዝም። «የብሔራዊ ቡድኑን አሰልጣኝ መርጦ የሚያቀርበውስ?» ዝም። የማንቼው ሳቅ እያለ «ቲቸር፣ እኛ ጋ እኮ ሁሉንም የሚሠራው አሰልጣኙ ነው» አለኝ።

ማታ እቤት ገብቼ ሁለት መስመር ፖስት አደረግኩ። «የእኛ ደጋፊ አሰልጣኝ ማባረር እንጂ ቀጣሪውን መጠየቅ አያውቅም» ብዬ። ኮመንቱን አይታችኋል። «አሰልጣኞቻችን ስለማይችሉ ነው»፣ «ገንዘብ የለንም»፣ «ቲቸር ሒሳብህን አስተምር»። እሺ፣ ከሒሳቡ እንጀምር።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. የት ነበራችሁ? እኔ ፒያሳ ዘመድ ቤት ነበርኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ጌታነህ ከበደ አንድ አገባ፣ ሌላውን ፓርከር በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረልን። ነጥባችን 13 ሆነ፣ ምድቡን ጨርሰን ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ አለፍን ተባለ። ከተማው አበደ። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር እየተቃቀፈ ያለቅስ ነበር። በዚያው ቀን ነው ፊፋ «ጉዳያችሁን እየመረመርኩ ነው» ያለው። ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋናን ከሜዳችን ውጪ ስናሸንፍ ያሰለፍነው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት። በሕጉ ያን ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ሦስት ነጥብ ሄደ፣ 13 የነበረው 10 ሆነ።

አንድ ሲደመር አንድ ሁለት ነው። ሰባተኛ ክፍል እንኳ አይደለም የሚሰጠው።

ያን ስህተት ማን ሠራው? ተጫዋቹ ግባ ሲሉት ገባ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያደረሰን ሰው ነው። ዛምቢያ ላይ በረኛው በቀይ ወጥቶበት በ10 ሰው 1 ለ 1 የወጣ ቡድን የሠራ ሰው ነው። እሱ ኳሱን ያስብ ወይስ የካርድ ፋይል ያገላብጥ? ያ ሥራ የቢሮ ሥራ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር። «ቢጫ፦ አንድ። ቢጫ፦ ሁለት። ያርፋል።» ያ ሰው አልነበረም፣ ወይም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ለሌላ ምክንያት ነው። እግር ኳሳችን በዘመናችን ወደ ዓለም ዋንጫ እጅግ በቀረበበት ዓመት ልንወድቅ የነበረው በእግር ሳይሆን በወረቀት ነው።

ልጆቹ እንደገና ብራዛቪል ድረስ ሄደው በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው አስመለሱልን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አስቆጠረ፣ ኢመኒኬ ሁለት መለሰ፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ አለቀ። የካቲት ላይ ሰውነት ተሰናበተ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸንፏልና ማባረሩ ምክንያት አልነበረውም አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ካርድ ያልቆጠረውን ወንበር ማንም አለማስታወሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቁጠር፣ ጊዜያዊዎቹን ትተን። ፖርቹጋላዊው ባሬቶ። ዮሐንስ ሳህሌ። ገብረመድህን ኃይሌ። አሸናፊ በቀለ። አብርሃም መብራቱ። ውበቱ አባተ። እንደገና ገብረመድህን። መሳይ ተፈሪ። ከ2006 እስከ 2017 ስምንት ሹመት። የውጭ ሰው ሞከርን፣ የአገር ውስጥ ሞከርን፣ የሄደውን መልሰን ሞከርን። ውበቱ ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ አደረሰን፣ በሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! የራሳችን «ሜዳ» ተብሎ! ካፍ የሚቀበለው አንድ ስታዲየም ስላልነበረን። ስታዲየም የሚያሠራው አሰልጣኙ ነው እንዴ?

እንግዲህ ኬፕ ቨርዴን ተመልከቱ። ከ600 ሺህ በታች ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር ናት። ካሜሩን ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ያሸነፈችን እሷ ናት። አሰልጣኟ ቡቢስታ ሥራ የጀመረው በጥር 2012 ነው። ያኔ የእኛ አሰልጣኝ አብርሃም ነበር። በመሃል ኬፕ ቨርዴ ለሞሮኮው አፍሪካ ዋንጫ ማለፍ አቃታት፣ ከምድቧ መጨረሻ ወጣች። እኛ ብንሆን በማግስቱ መግለጫ ነው፣ «በጋራ ስምምነት ተለያይተናል» ነው። እነሱ ሰውዬውን አቆዩት። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፈው ለዓለም ዋንጫ አለፉ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፣ ጥቅምት 3። እኛ በናይጄሪያ በተሸነፍንበት ቀን፣ ልክ በ12 ዓመቱ።

«ዕድል ነው» ለምትሉኝ አንድ ልጨምር። ተከላካያቸው ፒኮ ሎፔዝ አየርላንድ፣ ደብሊን የተወለደ ነው። አባቱ የኬፕ ቨርዴ ሰው ነው። እንዴት አገኙት መሰላችሁ? በሊንክድኢን! ሥራ በሚፈለግበት! ያኔ የነበረው አሰልጣኝ በፖርቹጋልኛ ጻፈለት፣ ልጁ ማጭበርበሪያ መስሎት ተወው። ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ ደግሞ ጻፈለት። ይታያችሁ፣ ስሙን ፈልጎ ያገኘ፣ መልስ ሲያጣ ያልረሳ፣ ተመልሶ የጻፈ ሰው አለ። የእኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፣ አውቃለሁ፣ ኮመንት ላይ አታስረዱኝ። ግን ስቶክሆልምና ዋሽንግተን የሚጫወቱትን ልጆቻችንን ስም ዘርዝሮ የያዘ ወንበርስ አለን? ስሙን መጻፍ የሚከለክል ሕግ የለም።

አሁን ወደ ክለቦቹ፣ ወደ «ገንዘብ የለንም» ባዮቹ።

ገንዘብ አለ። የከተማ ክለብ በከተማ በጀት ነው የሚተዳደር፤ የእናንተና የእኔ ግብር ነው። በ2011 መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ የተወሰነው ገንዘብ ስለጠፋ ሳይሆን ልቅ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላም ከጠረጴዛ ሥር ይከፈላል የሚለውን ሐሜት ያልሰማ ደጋፊ የለም። ወልድያ ላይ በ2009 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀልን። ሼህ አላሙዲ አሠሩት፣ እኔም ሄጄ በእጄ ወንበሩን ነካክቼ ፎቶ ተነሥቻለሁ። በ2010 መጨረሻ ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ወንበር ነበረ፣ ሣር ነበረ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣና ወሬው ሁሉ ሌላ ሆነ፣ እሱን ዛሬ አላነሣም።

የአገራችን ክለብ ቡድን ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክረምት ላይ አሰልጣኝ ይቀየራል። አዲሱ የሚያውቃቸውን ይዞ ይመጣል። አሥራ ምናምን ልጅ ይሰናበታል፣ አሥራ ምናምን ይፈርማል፣ የአንድ ዓመት ውል ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ውጤት ይጠፋል፣ አሰልጣኙ በሚያዝያ ይሄዳል፣ ልጆቹ በሰኔ ይበተናሉ። ክለቡ በሐምሌ ምን ይቀረዋል? ማሊያውና እዳው። የትኛው ልጅ ለምን እንደተገዛ፣ ጉልበቱን መቼ እንደታመመ፣ የትኛው ታዳጊ ከየት እንደታየ የተጻፈበት ነገር የለም። ተጻፈ ከተባለም አሰልጣኙ ደብተር ላይ ነው። አሰልጣኙ ሲሄድ ደብተሩም ይሄዳል።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ግራ እግሩ እንደ ወንጭፍ ነው። ጠዋት በበቅሎ ቱሪስት ይዞ አሸተን ማርያም ይወጣል፣ ወርዶ ከሰዓት ይማራል፣ ማታ ኳስ ይጫወታል። ያ ተራራ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ የልጁን ሳንባ አስቡት። ዞን ላይ በተደረገ ውድድር የአንድ ክለብ ሰው አየው። የክለቡን ስም አልጠራም፣ ሁሉም አንድ ናቸውና። ስሙን በደብተር ጻፈ፣ «ነሐሴ ላይ ለሙከራ ትመጣለህ» አለው፣ ስልክ ሰጠው። አባቱ ሁለት በግ ሸጡ። እኔ ጫማ ገዛሁለት።

ነሐሴ ላይ ሄደ። አሰልጣኙ ከሁለት ሳምንት በፊት ተባሯል። ስሙን የጻፈው ሰውም አብሮ ሄዷል። ስልኩ አይነሣም። ጥበቃው «ማን ጠራህ?» አለው። ስሙን ተናገረ። «እሱማ ለቋል» አሉት። «ዝርዝር ላይ የለህም» አሉት። ሁለት ቀን በር ላይ ቆመ፣ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። አልተፈተነም። ተፈትኖ ቢወድቅ እኮ እኔም ዝም እል ነበር። ያልተጫወተ ልጅ ነው የወደቀው።

እሁድ ዕለት «መባረር የነበረበት ያራዘመው ሰው ነው» ያለው ሦስተኛው ልጅ እሱ ነው። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ «ስሜን ብቻ አትጥራ» ብሎኝ። በቅሎዋ አለች፣ ቱሪስቱ ነው የጠፋው።

ስለዚህ «ቲቸር፣ ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ምናምን» ያልከኝ ልጅ፣ ፈረንጅ አላመጣብንም። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ያነሣውን ቡድን አሠለጠነ፣ ከዚያም ከ1964 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 15 ዓመት የአፍሪካን እግር ኳስ መራ። የአህጉሩን ቢሮ የሠራው የእኛ ሰው ነው። እኛ ቢሮ የሚባለውን ነገር ለሹመኛ ማረፊያ ያደረግነው በኋላ ነው። የክለቡ የበላይ አብዛኛውን ጊዜ ከንቲባው ነው፣ ከንቲባው ሲነሣ ቦርዱ ይነሣል። ከንቲባውን አንሱ አላልኩም፣ ጉልበቱም የለኝ። ከአጥቂ ፊርማ በፊት አንድ ሰው ቅጠሩ ነው የምለው። ከንቲባው ቢቀየር፣ አሰልጣኙ ቢባረር፣ እሱ ይቆያል። ሥራው መጻፍ ነው። አሰልጣኝ ሲመረጥም «ለምን እሱ?» የሚለውን በሁለት ገጽ ጽፎ ይፈርምበታል፣ ካልሆነለት አብሮ ይጠየቅበታል። ደጋፊውም ስታዲየም ገብቶ «አሰልጣኙ ይውጣ!» ከማለቱ በፊት የዚያን ሰው ስም ይጠይቅ። የቤርታን ስም የያዘ ጭንቅላት የአንድ አገሩን ሰው ስም መያዝ አያቅተውም።

ደግሞ «አንተስ ምን ሠራህ?» ትሉኛላችሁ፣ ማለታችሁም አይቀርም። ሰኞ ዕለት ባለ 200 ገጽ ደብተር ገዛሁ። ከሦስቱ ልጆች ጋር ሆነን ሜዳው ላይ የሚጫወቱትን እየጻፍን ነው። ስም፣ የትውልድ ዘመን (እውነተኛው!)፣ የሚመታበት እግር፣ ትምህርት ቤት፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው። እስከ ዛሬ 31 ልጅ ሆኗል። አራቱ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ከሁሉም ወንዶች ትሻላለች። ደብተሩ እኔ ቤት አያድርም። ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ አለ፣ እኔ ብሞት ብሄድ የሚከፍት አለ።

ከላስታ ወረዳዎች የምታውቁት ልጅ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የአርሴና የማንቼ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ሜዳው ላይ ነን።