ዳሌው በየት በኩል ተከፈተ?

የዳሌ መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ የተተካላቸው ሁለት እናቶች ከሆስፒታል ሲወጡ ምክሩ ሊለያይ ይችላል። አንዷ «በበርጩማ አይቀመጡ» ይባላሉ፤ ሌላዋ «እግርዎን ወደ ኋላ አይዘርጉ»። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት አንደኛው ሐኪም የተሳሳተ ይመስለዋል። ሆኖም ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ሐኪሙ ወደ መገጣጠሚያው ከገባበት አቅጣጫ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራውን መገጣጠሚያ ከተከሉ ወዲህ የሥራው መሠረት አልተለወጠም፤ የተጎዳው የጭን አጥንት ራስ ወጥቶ ኳስ፣ በዳሌው ጎድጓዳ ሥፍራም ጽዋ ይተካል። መግቢያው ግን በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው።

ከኋላ ሲከፈት በሽተኛው በደኅናው ጎኑ ይተኛል። ለመራመድ ዳሌን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች አይቆረጡም፤ ኳሱ ግን ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲነሣ ወይም እግር ሲነባበር ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ከጎን ሲከፈት እነዚያው ደጋፊ ጡንቻዎች በከፊል ስለሚነሡ ማነከስ ሊከተል ይችላል። ከፊት ሲከፈት በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ይተኛል፤ ሐኪሙም በጡንቻዎች መካከል ያልፋል። እዚህ የሚያሰጋው እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ ወደ ውጭ ማዞር ነው።

አስተኛኘቱም ቀላል ነገር አይደለም። በጎን የተኛው ሰው ዳሌ በድጋፍ ካልጸና በሥራው መካከል ይዘነበላል፤ ጽዋውም ከታሰበው ማዕዘን ውጭ ሊቀመጥ ይችላል። ከሥር የዋለው አካል በትራስ ካልተደገፈ ነርቭ ይጫናል።

ባለቤትሽ በግዳጅ ላይ ሳለ አማትሽን የምታስታምሚ እኅት ሆይ፤ ከሆስፒታል ሳትወጪ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በየት በኩል ተከፈተ? የትኛው እንቅስቃሴ ተከለከለ? እስከ መቼ? ከኋላ ከሆነና ሐኪሙ ከከለከለ፣ ቡና ሲፈላ ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር አቅርቢላቸው፤ ቁጢጥ አይበሉ፤ ጫማቸውንም ሌላ ሰው ያጥልቅላቸው።

ድንገት ብርቱ ሕመም ተሰምቷቸው መቆም ቢያቅታቸው፣ እግራቸውም አጥሮና ዞሮ ቢታይ፣ መገጣጠሚያው ሳይወልቅ አልቀረም። ወጌሻ አይጠራ፤ እግሩም አይጎተት። ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው።