መንግሥቱ ወርቁ ወይስ ሉቻኖ ቫሳሎ? የቢቸናና የሞጣ ክርክር

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ፣ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ የማያረጅ ክርክር አለ። የእንግሊዝ ጨዋታ እስኪጀመር ወይም የጠፋው መብራት እስኪመጣ ሲጠበቅ ይነሳል። በብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ ማን ይበልጣል? ሽማግሌው «መንግሥቱ ወርቁ» ይላል። ወጣቱ ሲጫወት አላየውም፤ ግን ከአባቱ ሰምቷልና እሱም «መንግሥቱ» ይላል። ከመካከል አንዱ ደፈር ብሎ «ሉቻኖስ?» ካለ መልሱ አጭር ነው፦ «እሱ ጣሊያን አይደለም እንዴ?» ክርክሩ በዚሁ ያበቃል። ያለ ፍርድ ያበቃል ማለት ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ኳሱ ይታይ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት፤ በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ኢትዮጵያን በፍጻሜ 4ለ0 አሸንፋለች። አዲስ አበባ ላይም ቀድማ ያገባችው እሷ ነበረች። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በቀጣዩ ደቂቃ ባዳዊ የተባለው ግብፃዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው ቡድኑን ከሞት ያወጣችውን ጎል ያገባው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምሮ ነገሩን ዘጋው። 4ለ2። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አንስታ አታውቅም።

ለመንግሥቱ የሚከራከር ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። በዚያ ውድድር 3 ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር በእኩል የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ነው፤ ሁለቱን ያገባው በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ 4ለ2 በተሸነፈችበት ጨዋታ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው። እስከ ዛሬ የደረሰበት ኢትዮጵያዊ የለም፤ በቅርቡም የሚደርስበት አይታይም። ቅዱስ ጊዮርጊስን ትቶ ሌላ ክለብ አልሄደም። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም አሰልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑን ሊቢያ ድረስ ለአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ እዚያ መድረክ ላይ ለመቆም 31 ዓመት ፈጅቶባታል። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ሲያርፍ የተለቀሰለት በከንቱ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ የሁለቱ ሥራ አንድ አልነበረም። መንግሥቱ አጥቂ ነው፤ ኳስ እግሩ ስር ስትደርስ መረብ ውስጥ የሚጨርሳት። ሉቻኖ ከመሀል ሜዳ ቡድኑን የሚያንቀሳቅስ፣ መቼ ማጥቃት መቼ መረጋጋት እንደሚገባ የሚወስን፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገኝ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነበር። ከመሀል ተነስቶ ራሱም ያገባል። ጎል አግቢ በልጆች አፍ ይዘፈንለታል፤ ጨዋታውን የሚመራው ግን ካልጠፋ በቀር አይታይም። ይህን ለእነማይና ለሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ማስረዳት አያስቸግርም። ጥንድ በሬ አንዱ ያለ አንዱ አያርስም፤ ግን ከጥንዱ ትልም የሚጠብቀው የትኛው እንደሆነ ባለቤቱ ያውቃል። በዚያ ቡድን ትልም የሚጠብቀው ሉቻኖ ነበር።

ስሙ ነው ችግሩ። በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን መቆሚያ ባሳጣበት በቢቸና አገር የጣሊያን ስም ጆሮ ይቆረቁራል፤ በዚህ ማንም ሊፈረድበት አይገባም። ይሁን እንጂ ሉቻኖ ማን እንደነበረ የጠየቀ ጥቂት ነው። የተወለደው አሥመራ ነው፤ በ1927 ዓ.ም መጨረሻ፣ ፋሺስቱ ጦር መረብን ሊሻገር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። ያሳደገችው እናቱ ናት። በ1932 ዓ.ም የፋሺስት መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። እንግዲህ በላይ በጠመንጃ ሲዋጋው የነበረው ያው መንግሥት ይህን ሕፃን በወረቀት ከሰው ቁጥር አውጥቶት ነበር። ጣሊያኑ «ያንተ ደም ቆሽሿል» አለው፤ አበሻው ደግሞ «ጣሊያን ነህ» አለው። በመካኒክነት እየሠራ፣ አሥመራ ላይ ኳስ ጀምሮ፣ ኋላ በድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን በኮተን ተጫውቶ፣ «ጣሊያን ነህ» ያለችውን አገር ማሊያ ለብሶ አምበል ሆነ። በላይን የሚወድ ሰው ሉቻኖን የሚጠላበት ምክንያት ከየት ይመጣል?

ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ክርክር የማይነሳ። «የእኛ» እና «የእነሱ» የሚባለው የዛሬ ሥሪት ነው። በ1960 ዓ.ም ጥር ላይ ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና አሥመራ ላይ ሲካሄድ ሉቻኖም መንግሥቱም በቡድኑ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ 3ለ2 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ሞጣና ቢቸና ሌላ ጉዳይ ይዘው ነበር። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ፣ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ያለ ገበሬ ገማችና ለኪ አላስገባም ብሎ ነፍጥ አነሳ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ያን ጊዜ እዚህ ለነበረ ገበሬ ከጊዮርጊሱ መንግሥቱና ከአሥመራው ሉቻኖ ማንኛቸው «የእኛ» እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ሁለቱም የከተማ ልጆች፣ ሁለቱም የሩቅ ሰዎች ናቸው። ራዲዮ ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር የአንዱ ስም ከሌላው ቀድሞ ሊቀርብ አይችልም። ያራራቃቸው ኋላ የመጣው ፖለቲካ ነው።

በደርግ ጊዜ ሉቻኖ ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ገባ። መንግሥቱ አገሩ ቀረ፤ አሰለጠነ፤ በራዲዮ ተሰማ፤ በጋዜጣ ወጣ። ሉቻኖ ሮም አጠገብ ኑሮውን በእጁ ሥራ ሲገፋ የእሱን ታሪክ በአማርኛ የሚነግር እየጠፋ ሄደ። ኋላ ኤርትራ ተለየች፤ ጦርነቱ መጣ፤ የአሥመራ ልጅ ስም ማንሳት ራሱ የሚያሳስብ ጊዜ ሆነ። በ1954 ዓ.ም ዋንጫውን ካመጡት ብዙዎቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ፤ ከታሪኩ ላይ እነሱን ቀንሶ የሚተርፈውን መቁጠር ለማንም አይከብድም። መስከረም 2015 ዓ.ም ሉቻኖ ሮም ላይ በ87 ዓመቱ ሲያርፍ ቢቸናም ሞጣም የሰማው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ማመዛዘን ለሚፈልግ ሰው መለያው ግልጽ ነው። ከሜዳ ውጪ ባለው መንግሥቱ ይበልጣል፤ እድሜውን ሙሉ ለአገሩ ኳስ ሰጥቷል፤ የ1974ቱን ቡድን የሚያህል ሥራ ሉቻኖ በአሰልጣኝነት አልተወም። መሰደዱ እድሉን እንደወሰደበት ሳይረሳ ማለት ነው። በሜዳ ላይ ግን፣ «ይህ ሰው ባይኖር ዋንጫው ይቀር ነበር» የሚባልለት አንድ ተጫዋች ይመረጥ ከተባለ ሉቻኖ ነው። የመንግሥቱ ጎል በ117ኛው ደቂቃ ስትገባ ኢትዮጵያ 3ለ2 እየመራች ነበር። ወደዚያ ያደረሷትን ሁለት የመጨረሻ ጎሎች ያገቡት የአንድ እናት ልጆች፣ ሁለቱ ቫሳሎዎች ናቸው።