«ፕሮዳክት ማኔጀር» የተባለው አዲስ ሹመትና የመጀመሪያው ተሿሚ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ባንኮችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሚያወጧቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ፕሮዳክት ማኔጀር» የሚል የሥራ ስም ደጋግሞ መታየት ጀምሯል። የሚጠየቀው ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ወጣት የማይደረስበት አይደለም። ነገር ግን ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ለጎረቤቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ቢያቅተው አይፈረድበትም። ይልቁንም ነገሩን የሚያከብደው፣ ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ለቦታው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። በወንበሩ ላይ ከእርሱ በፊት የተቀመጠ የለም፤ የሚረከበው መዝገብ የለም፤ የሚያዝዘው ሠራተኛም እንዲሁ የለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጥቂት እንደማይሆኑ ስለምንገምት፣ ዛሬ ስለዚሁ የመጀመሪያ ተሿሚ ልንናገር ወደድን።

በምናውቀው ነገር እንጀምር። በታላቅ ድግስ ላይ ወጥ ሠሪዋ ወጧን አሳምራ ትሠራለች፤ ጠጅ ጣዩ ጠጁን ያጠራል፤ እንጀራ ጋጋሪዎቹና ድንኳን ተካዮቹም የየድርሻቸውን ይፈጽማሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት እንግዶች ሳይበሉ ሊሄዱ ይችላሉ። ወጥ ሠሪዋ ብትጠየቅ «ወጡ ሞልቷል» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ዐዋቂ ደጋሽ ግን ከዳር እስከ ዳር እየተዘዋወረ «እዚህ ምን ደረሰ? ምንስ ጎደለ?» የሚል አንድ ሰው ያቆማል። ይህ ሰው ወጥ አይሠራም፤ በወጥ ሠሪዋም ላይ ጌታ አይደለም፤ ሆኖም እንግዳው ሳይበላ ቢሄድ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ፕሮዳክት ማኔጀር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ከድንኳኑ ወጥተን ወደ ባንክ እንግባ። አንድ ነጋዴ በስልኩ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ አምስት ሺህ ብር ላከ እንበል። ገንዘቡ ከሒሳቡ ተቀነሰ፤ ለተቀባዩ ግን አልደረሰም። ቅርንጫፉ «ሲስተም ነው» ይላል፤ የቴክኖሎጂው ክፍል «ከእኛ ዘንድ ወጥቷል» ይላል፤ ስልክ የሚያነሡት ልጆች «ይጠብቁ» ከማለት በቀር በእጃቸው ያለ ነገር የለም። እያንዳንዱ ክፍል የተሰጠውን ሠርቷል። ብሩ ግን በክፍሎቹ መካከል ቆሟል፤ ይህም መካከል የተባለ ቦታ በድርጅቱ የመዋቅር ሰንጠረዥ ላይ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህ የሥራ መስክ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የተወለደው ግን ከሳሙና ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1931 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ፣ በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ውስጥ «ካሜይ» የተባለውን ሳሙና ማስታወቂያ የሚከታተል ኒል ማክኤልሮይ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ለአለቆቹ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ካሜይ የምትፎካከረው ከሌሎች ኩባንያዎች ሳሙና ጋር ብቻ ሳይሆን «አይቮሪ» ከምትባለው ከገዛ አንጋፋ እኅቷ ጋር ጭምር ነበር። ወጣቱ የጠየቀው ተጨማሪ ሰው እንዲቀጠርለት ሲሆን፣ ምክንያቱን ሲያስረዳ ግን ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የማስታወቂያ ጽሑፍ ከመተቸት አልፎ የዕቃውን ጠቅላላ ዕድል የሚሸከም አንድ ኃላፊ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ዱፕሪም ሐሳቡን ተቀበሉ። ማክኤልሮይ በ1948 የዚያው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከ1957 እስከ 1959ም የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ይህን ያነሣነው ማስታወሻ የጻፈ ሁሉ ሚኒስትር ይሆናል ለማለት አይደለም።

ማስታወሻው የሥራውን ቅደም ተከተል ያስቀመጠበት መንገድ ግን ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል። ኃላፊው መጀመሪያ በየአውራጃው የተላከውን የዕቃ ቁጥር ያጠናል፤ ዕቃው ደኅና በተሸጠበት ቦታ ለምን እንደ ተሸጠ ይመረምርና ያንኑ ዘዴ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል፤ ባልተሸጠበት ቦታ ደግሞ ራሱ ሄዶ ነጋዴውንና ገዢውን ያነጋግራል። ዕቅድ የሚያወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዕቅዱንም ለአገሩ የሽያጭ ኃላፊ ገልጾ ፈቃዱንና ድጋፉን ያገኛል። በትእዛዝ ያስፈጽማል አልተባለም። የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ላቀረበው «ክራውን» ለተባለው መኪና ኬንያ ናካሙራ የተባሉትን መሐንዲስ ዋና ኃላፊ ባደረገ ጊዜ ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር፤ የሞተሩም የአካሉም መሐንዲሶች የሚታዘዙት ለየክፍላቸው አለቆች ሲሆን፣ ስለ መኪናው ጠቅላላ ሁኔታ የሚጠየቁት ግን እርሳቸው ነበሩ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ያለው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ዛሬ «ኤም ፔሳ» እየተባለ የሚጠራው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ሲታሰብ ገንዘብ ለዘመድ ለመላክ አልነበረም። ከእንግሊዙ ቮዳፎን ኩባንያ ኒክ ሂዩዝና ሱዚ ሎኒ የተባሉት ሰዎች፣ ከብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት በተገኘ ድጋፍ ሥራውን ሲጀምሩ፣ ዓላማቸው ከአነስተኛ የብድር ድርጅት የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ማድረግ ነበር። በኦክቶበር 2005 በናይሮቢና በቲካ ስምንት ወኪሎችና አምስት መቶ የማይሞሉ ደንበኞች ይዘው ሙከራውን ጀመሩ። በሥራው ላይ ሦስት ባለ ጉዳዮች ነበሩበት፤ ደንበኛ የሚፈልገው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም፣ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ባንክ፣ እንዲሁም ተበዳሪዎቹን በቡድን እያሰባሰበ የሚያስተዳድረው ፋውሉ ኬንያ። ሱዚ ሎኒ ከሦስቱም መካከል ሆነው ሥራውን በቦታው ሲመሩ የሦስቱም አለቃ አልነበሩም።

ሙከራው እየገፋ ሲሄድ ሁለት ነገር ታየ። በአንድ በኩል የብድሩ ድርጅት የሒሳብ አያያዝ ከስልኩ ሥርዓት ጋር አልገጥም አለ፤ ተበዳሪው በስልኩ ከከፈለ ዘንድ ወደ ቡድኑ ስብሰባ የሚመጣበት ምክንያት እየቀነሰ ስለ ሄደ፣ ብድሩን ያስመልስ የነበረው የቡድን ሥርዓት መላላት ጀመረ። በሌላ በኩል ግን ሰዎቹ ማንም ባላስተማራቸው መንገድ ይጠቀሙበት ነበር። አንዱ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዝ ጥሬ ብር ላለመያዝ እዚህ አስቀምጦ እዚያ ያወጣል፤ ሌላው የዕለት ሽያጩን ለአንድ ሌሊት ያሳድርበታል፤ ነጋዴ ከነጋዴ ይከፋፈልበታል፤ ለዘመዱም የሚልክ አለ። በማርች 2007 አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲከፈት ብድር መክፈሉ ወደ ጎን ተትቶ፣ ገንዘብን ወደ ቤት መላክ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ከፊት ቀረበ። ዓመት ሳይሞላም የተመዘገቡት ደንበኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ብዙ ጊዜ የሚደነቀው የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ቁጥር ነው። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ሥራው የተጀመረበትን ምክንያት ራሱን ለመተው መቻሉ ነው። ገንዘብ ከተመደበ፣ ሸሪክ ከተገኘ፣ ስብሰባ ላይ ከተጨበጨበ በኋላ «ይህ ይቅር» ማለት በየትኛውም አገር መሥሪያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ለማለት ያበቃቸውም በአምስት መቶ ደንበኞች መካከል ተቀምጠው ያዩት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ተሿሚ የሚወድቀውም የሚነሣውም በዚህ ላይ ይመስለናል። በገባ በሳምንቱ የየክፍሉ ኃላፊ ጥያቄ ይዞበት ይመጣል፤ የሽያጩ ክፍል ደንበኛ የጠየቀውን፣ ቅርንጫፉ የቸገረውን፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም በውጭ አገር ያዩትን። ወጣቱም ሁሉንም ተቀብሎ በሰንጠረዥ ይደረድርና «ሮድማፕ» የሚል ስም ይሰጠዋል። በዓመቱ መጨረሻ አርባ ነገር ተጀምሮ አንድም ያላለቀ ይሆናል። ይህ ሰው የሠራው የጸሐፊነት ሥራ ነው፤ ጸሐፊነት የተከበረ ሙያ ሲሆን፣ የተቀጠረው ግን ለዚያ አልነበረም። በሌላው ጽንፍ ደግሞ «ስፕሪንት»፣ «ባክሎግ» የሚሉትን ቃላት ከኮርስ ተምሮ መጥቶ፣ ሳይጠየቅ ስብሰባና ቅጽ የሚያበዛው አለ። ቃላቱ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከዚህ በፊትም አይተዋልና በትዕግሥት እስኪያልፍላቸው ይጠብቁታል።

ወንበሩ ባዶ ነበረ ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ስሙ ባይኖርም ሥራው ይሠራ ነበር፤ ምናልባት ኩባንያውን የመሠረተው ሰው ራሱ፣ ምናልባት ዋናው መሐንዲስ፣ ምናልባትም ሃያ ዓመት ያገለገሉ አንዲት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይሠሩት ነበር። አዲሱ ሰው ሲመጣ ከእነዚህ ሰዎች እጅ አንድ ነገር ይወሰዳል። እርሱም ይህን ዐውቆ፣ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ሄዶ እስከ ዛሬ እንዴት ይወስኑ እንደ ነበረ ቢጠይቃቸው ብዙ ክርክር ይቀርለታል። ከዚያም ጥቂት ሳምንት በመስኮት አጠገብ ቆሞ ደንበኛ ሲስተናገድ ይመልከት፤ የስልክ አቤቱታ ራሱ ይቀበል፤ የአቤቱታውን መዝገብ ይቁጠር። ቀደም ብለን ያነሣነው አምስት ሺህ ብር በየወሩ ስንት ጊዜ መካከል እንደሚቀር፣ በስንት ቀንም እንደሚመለስ በቁጥር ይዞ የመጣ ሰው፣ የቴክኖሎጂው ክፍል እንኳ በጽሑፍ የሌለው ነገር ይዟልና ይደመጣል። ያንን አንዱን ነገር ከእነርሱ ጋር አስተካክሎ ቢያሳይ፣ በሁለተኛው ጉዳይ ላይ «ይህ ለጊዜው ይቅር» ቢል የሚሰማው ያገኛል።

ሥልጣኑንም በጽሑፍ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የትኛው ውሳኔ የእርሱ፣ የትኛው የሥራ አስኪያጁ፣ የትኛው የጋራ እንደ ሆነ አንድ ገጽ ይበቃል። በጭምትነት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

ይህ ሹመት ጭራሽ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የኤርቢኤንቢ ኩባንያ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ብራያን ቼስኪ የተለመደውን የፕሮዳክት ማኔጀርነት ሥራ ከኩባንያቸው እንዳስቀሩ በአደባባይ ሲናገሩ፣ በአዳራሹ የነበሩት የንድፍ ባለሙያዎች አጨበጨቡላቸው። ነገሩን በቅርብ ያየ ሰው ግን ሥራው እንዳልቀረ ይረዳል፤ አንዱን ክፍል ከገበያ ሥራ ጋር አዋሐዱት፣ የቀረውን ደጋሹ ራሳቸው በድንኳኑ ውስጥ ይዞሩ ጀመር። ባለቤቱ ይህን የሚችልበትና ጊዜ ያለው ከሆነ መልካም ነው። መቶ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ግን በየጥጉ ሊቆሙ አይችሉም።

በአገራችን ጊዜው የማይጠብቅ ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ ገባ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን አዋጅ አጸደቀ። ብሩ መካከል የቀረበት ነጋዴ ቀድሞ ቢበሳጭም ብዙ የሚሄድበት አልነበረውም፤ አሁን ግን በያዘው ስልክ ላይ ሌላ በር አለው።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ ለመወዳደር የተጠራ ወጣት ለጠያቂዎቹ ራሱ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብላቸው እንመክራለን። ይኸውም፦ «ድርጅቱ በቅርቡ ከተጠየቁት ነገሮች መካከል አንሠራም ብሎ የተወው የትኛውን ነው? የወሰነውስ ማን ነው?» የሚል ነው። ነገሩንና የወሳኙን ስም ወዲያው ከነገሩት፣ ከዚያ ሰው ጋር ቀጠሮ ይጠይቅ። እርስ በርሳቸው የተያዩ እንደ ሆነ ግን፣ ደመወዙን ከመነጋገሩ በፊት ያንን አንድ ገጽ ያንሣላቸው።