እሳት ይውረድ የሚለው ጸሎታችን

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 9፥51-56

«ጠላቶቼን እሳት ይብላቸው!» ብለን ስንጸልይ ጉባኤው በሙሉ «አሜን!» ይላል። ያዕቆብና ዮሐንስም እንዲህ ያለ ጸሎት አምሯቸው ነበር። አንድ የሳምራውያን መንደር ኢየሱስን አላስገባም ሲል፣ እሳት ከሰማይ እንዲያወርዱ ፈቃድ ጠየቁት። ጌታ ግን ዘወር ብሎ የገሠጸው መንደሩን ሳይሆን ደቀ መዛሙርቱን ነው።

ይህን ክፍል ጅማ ላይ ሆኖ ማንበብ ቀላል አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ከአሰንዳቦ ተነስቶ በተዛመተው ሁከት ከ50 በላይ የወንጌላውያን የጸሎት ቤቶችና የምእመናን ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችም ተፈናቀሉ። እሳት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ታዲያ እሳትን የቀመሰ ሰው ለሌላው እሳት ይለምናል?

«ዝም እንበል ወይ?» የሚል አለ። አይደለም። ጳውሎስ መብቱን ጠይቋል፤ ወደ ቄሣርም ይግባኝ ብሏል። ጥፋተኛው በሕግ ይጠየቅ። ኃጢአቱ ጥቂቶች ያጠፉትን ጎረቤትን ሁሉ ማስከፈል ነው።

እናስከፍላለን እኮ! በቡና ለቀማ ወቅት እሸት ቡናውን ተሸክሞ የመጣውን ሙስሊም ገበሬ ሚዛን ላይ ጥቂት እንቀንስበታለን፤ ከዚያው ትርፍ ደግሞ አሥራት እናወጣለን። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራት የአገሩ ወግ ነው፤ እኛ ግን የምንጠራው ዘማሪውንና የጸሎት ጓደኛችንን ብቻ ነው። ለልጆቻችን ስለ 2003 ስንነግራቸው ቂሙን አውርሰን ይቅርታውን እንረሳለን። ይህ ጭስ የሌለው እሳት ነው።

ጌታ ጠላቶቻችንን እንድንወድ ሲያዘን በሆዳችን ደስ የሚል ስሜት እንድንፈልግ አይደለም። ሉቃስ 6ን ያንብቡ፦ መልካም ማድረግ፣ መመረቅ፣ መጸለይ፣ ማበደር ነው። ሁሉም የእጅና የአፍ ሥራ ነው። የሚወደንን ብቻ ለመውደድማ ወንጌል አያስፈልግም፤ ለዚያ ዕድር ይበቃል።

አሁን ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 8ን ይመልከቱ። ሳምራውያን ቃሉን በተቀበሉ ጊዜ እጅ ሊጭኑባቸው ከኢየሩሳሌም የተላኩት ጴጥሮስና ዮሐንስ ናቸው። አዎ፣ ያው እሳት የለመነው ዮሐንስ! ያን ቀን ጸሎቱ ተሰምቶለት ቢሆን ኖሮ እጁን በማን ላይ ይጭን ነበር?

ወገኖቼ፣ ጌታ ያልመለሰልንን የእሳት ጸሎት እናመስግንበት። በዚህ ሳምንት ሚዛናችንን እናስተካክል፤ አንድ የተቀየምነውን ጎረቤት ቡና እንጥራ፤ ስሙንም በጸሎታችን ለበረከት እናንሣ።

ጌታ ሆይ፣ እኛንም ገሥጸን። አሜን።