«አባቴ ከአሥር ሰባት አመጡ!»

የዛሬው ጨዋታችን ከበድ ይላል። ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት ስናወራ ከርመን ስለ አባቶቻችን ዝም ማለቱ ደግሞ ነውር ሆኖ ታየኝ።

አንድ ወጣት ጻፈልኝ። አባቱ 64 ዓመታቸው ነው፤ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳሉ። በደም ምርመራ ፒኤስኤ የሚባለው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ከፕሮስቴት ዕጢያቸው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የተቀበለው ልጅየው ነው። «ወረቀቱ ‹ግሊሰን 3+4=7› ይላል። ከአሥር ሰባት ካመጡ ደህና ነው ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ‹ቁጥሩ ሲበዛ ነው የሚብሰው› ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ብለዋል። ለአባዬ አልነገርኳቸውም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። ግን አጎቴን ይዤ በዚሁ ጉዳይ ስመላለስ የሐኪሞች ጆሮ እስኪደነቁር ጠይቄያለሁ።

ጓደኛህ እውነቱን ነው። ይሁንና ነገሩ የፈተና ውጤት አይደለም። ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን የሚባሉ አሜሪካዊ በ1966 እ.ኤ.አ. የካንሰሩን አደራደር በማይክሮስኮፕ እያዩ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጡት። ጤነኛውን ዕጢ የሚመስለው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል፤ ቅጡ የጠፋው 5 ይባላል። የፊተኛው ቁጥር በናሙናው ውስጥ በብዛት የታየው፣ የኋለኛው አብሮት የተገኘው ነው። ዛሬ 1 እና 2 በመርፌ ናሙና ላይ ስለማይሰጡ ዝቅተኛው ድምር 6 ነው። እንግዲህ 6 ማለት የመጨረሻው ቀላል ነው፤ የአባትህ 7 መካከል ላይ ይውላል።

አሁን ልብ በል። 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፣ ግን እኩል አይደሉም። እንደ ማኪያቶ ቁጠረው፤ ወተት የበዛበትና ቡና የበዛበት ዋጋቸው አንድ ነው፣ ስትጠጣው ግን ለየቅል ነው። አራቱ ከቀደመ ክፉው በዝቷል ማለት ነው። የአባትህ ሦስቱ ይቀድማል፤ ከሁለቱ የሚሻለው የሳቸው ነው።

ከድምሩ በታች ያለውንም አንብብ። ስንት መርፌ ተወሰደ (ብዙ ጊዜ 12 ነው)፣ በስንቱ ካንሰር ተገኘ፣ በአንድ ጎን ነው በሁለቱም? ሐኪሙ ይህን ከፒኤስኤውና በጣት ከዳሰሱት ጋር አገናኝተው ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቷል አልወጣም የሚለውን ከቀዶ ጥገናው በፊት ይገምታሉ። በዕጢው ጎንና ጎን የወንድነት ነርቮች አሉ፤ ይትረፉ ወይስ ይቆረጡ የሚባለውም ከዚሁ ግምት ነው።

ግምት ነው ማለቴን አትርሳ። መርፌ የሚያነሳው ቁራጭ ነው። የአጎቴ በመርፌ 6 ነበር፤ ዕጢው ወጥቶ ሙሉው ሲታይ 7 ሆነ። «አታለሉኝ!» ብለው ሳምንት ሙሉ ተቆጡ። ማንም አላታለላቸውም፤ መርፌው ያልደረሰበት ቦታ ነበር።

ደግሞ ቢላዋ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ካንሰራቸው ከዕጢው ያልወጣ 1,643 ወንዶች ከፊሉ በቀዶ ጥገና፣ ከፊሉ በጨረር፣ ከፊሉ በክትትል ቆይተው ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በየቡድኑ በዚህ ካንሰር የሞቱት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ 6 የነበራቸው ስለሆኑ ያንን እንዳለ ለአባትህ አታውለው። ግን «መጠበቅ ይቻላል ወይ? ጨረርስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይባልም። ናሙናው በሌላ የፓቶሎጂ ሐኪም እንዲታይ መለመንም እንዲሁ።

እነዚህን የሚጠይቀው ማነው ታዲያ? አንተ? ቀዶ ጥገናው ሽንት አላስቋጥር ሊል፣ የአልጋ ነገርም ሊቀር ይችላል። በአባትና በእናትህ መኝታ ቤት ጉዳይ አንተ ምን ቤት ነህና ትወስናለህ? «ሲሰሙ ይደነግጣሉ» ትለኛለህ፤ ይደነግጣሉ። ሳያውቁ ታመው ከሚነቁ ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው ይደንግጡ።

ቅዳሜ ከቡና በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ወረቀቱን አውጣ። ካንሰር የሚለውን ቃል «ያ ነገር» እያልክ አትሸፋፍነው፣ ቀጥሎ ሦስቱ እንደሚቀድም አሳያቸው። ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብራችሁ ግቡ። ያሉህን ጻፍልኝ።