የተዳፈነ እሳት ጠፍቷል አይባልም

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን በኩል አልፎም ሰሜን ሕንድ ድረስ ስለዘለቀ አየር መንገዶች በረራ እስከ መሰረዝ ደረሱ። በአፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቱና የፍየሉ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። በማግስቱ ዜናው ሁሉ ተራራው ከ12,000 ዓመት እንቅልፍ ነቃ የሚል ነበር። አባባሉ ጆሮ ይስባል፣ ግን ያሳስታል። የእሳተ ገሞራ መዝገብ የሚይዙ ባለሙያዎች ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ወዲህ ያለውን 12,000 ዓመት ገደማ ይቆጥራሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ስለ መፈንዳቱ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ እንጂ የተራራው እንቅልፍ ተለክቶ አይደለም። ሰው በማይበዛበት በረሃ የሚገኝ፣ ተመራማሪም እምብዛም ያልረገጠው ተራራ መዝገቡ ባዶ ቢሆን አይገርምም። አደገኛው ነገር ይህን ባዶ ገጽ የደህንነት ምስክር ወረቀት አድርጎ መቀበል ነው፤ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ያሉ ተራሮችን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናያቸው በዚሁ ዓይን ነው።

ማታ እሳቱን በአመድ አዳፍኖ የተኛ ቤተሰብ፣ ጠዋት ረመጡን ገልጦ ጭራሮ ሲጨምርበት እንደሚያያዝ ያውቃል። ከተራራ ሥር ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ያለው ቅልጥ አለት ሁልጊዜ የሚንተከተክ ፈሳሽ አይደለም፤ አብዛኛው በከፊል የረጋ፣ በጠጣር ቅንጣቶች የተሞላ፣ ወፍራም ገንፎ የመሰለ ነገር ነው። እንዲህ ሆኖ ሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከሥሩ አዲስና ትኩስ ቅልጥ አለት ሲገባበት ግን ይሞቃል፣ ይላላል፣ ቦታም ይጠበዋል። አዲስ ባይገባ እንኳ መቀዝቀዙ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ፦ ቅንጣቶቹ እየረጉ ሲሄዱ ውሃውና ጋዙ በቀረው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ይታጨቃሉ፣ ግፊቱም ያይላል። ከላይ የከደነው አለት መሸከም አቅቶት የተሰነጠቀ ዕለት ጋዙ እንደተናወጠ የለስላሳ ጠርሙስ ይገነፍላል። ስለዚህ ተራራው ስንት ዓመት ዝም አለ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም፤ መጠየቅ ያለበት ከሥር የሚመጣው ማገዶ ተቋርጧል ወይ ተብሎ ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ አልተቋረጠም። መሬቱ ዛሬም በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተላቀቀ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የምድር ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ተተረተረ፤ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ያራራቀው ከሥር የገባው ቅልጥ አለት ነበር።

ምስክሩ ሃይሊ ጉቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በኤርትራ፣ ከድንበራችን አጠገብ ያለው ናብሮም ቀድሞ ስለ መፈንዳቱ የተመዘገበ ታሪክ አልነበረውም። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲፈነዳ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ ወደ አየር የለቀቀው የሰልፈር ጋዝም በዓለም ላይ ለዓመታት ካልታየ መጠን ደረሰ። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ 500 ዓመት ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 በክፍለ ዘመኑ ከታዩት ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱን አደረሰ። የፒናቱቦ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ይዟል። በሚያዝያ ወር እንፋሎት መትፋት ሲጀምር የአገሪቱና የአሜሪካ ባለሙያዎች መሣሪያ ተከሉ፣ የአደጋ ካርታ ነደፉ፣ ባለሥልጣናትንም አሳመኑ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከተራራው ግርጌ ወጣ። በዚህ ቢያንስ 5,000 ሰው ከሞት እንደ ተረፈ ይገመታል። ፍንዳታውን ያስቆመ የለም። ሰውን ያተረፈው ቀድሞ ማወቅ ነው።

ከበረሃው ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኮርቤቲ የተባለው እሳተ ገሞራ ከሐዋሳና ከሻሸመኔ ቅርብ ነው፤ አሉቶ ደግሞ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ይገኛል። ሳተላይቶች እንደ ለኩት የአሉቶ መሬት እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አብጦ መልሶ ረግቧል፤ ኮርቤቲም በዓመት እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲነሳ ታይቷል። ይህ ነገ ይፈነዳሉ ማለት አይደለም። መሬት አብጦ ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው። ሞተዋል ማለት ግን በፍጹም አይቻልም።

ድርቅና ጦርነት ባልተለየው አገር አንድ ሺህ ዓመት ሊቆይ ለሚችል አደጋ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የሚበላው ያጣ ሰው ስለ ተራራ ቢነገረው ላይሰማ ይችላል። ቢሆንም እየተባለ ያለው በየተራራው አናት ላይ ውድ ጣቢያ ይሠራ አይደለም። መሬት ሲያብጥ የሚያሳየው የአውሮፓው የሳተላይት መረጃ በነፃ ይገኛል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. የኤርታሌ ፍንዳታ በኋላም ቅልጥ አለት በምድር ውስጥ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ መዝለቁ የታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ መረጃ ነው። የሚጎድለው መረጃውን በየሳምንቱ የሚያነብ ቋሚ ባለሙያ፣ ከተማ አጠገብ ባሉት ጥቂት ተራሮች ላይ የሚተከል የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ፣ ለዚህም የሚመደብ የማይቆራረጥ በጀት ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ለወራት ተናወጠች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ቀያቸውን ለቀቁ፤ እሳቱ ግን አልመጣም። ታዲያ ማስጠንቀቂያ ማውጣት በከንቱ ሕዝብ ማንገላታት አይሆንም ወይ? አይሆንም። እዚያ ቅልጥ አለት በእርግጥ በስንጥቁ ገብቷል፤ ወደ ገጽ ሳይደርስ ቀረ እንጂ። ፈንታሌ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እሳት የተፋ ተራራ ነው፤ መንቀጥቀጡም ራሱ ቤት አፍርሷል። እርግጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተፈናቅሎ ምንም ያላየ ሰው በአራተኛው ላይነሳ ይችላል፤ ይህን ስጋት አልክድም። ግን የሚያስነሳው ዝምታ አይደለም፤ ባለሙያው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ፣ በየደረጃው ሲነግረው ነው። ያ ቃል ደግሞ በአማርኛ መግለጫ ብቻ ተወስኖ አዲስ አበባ እንዳይቀር፣ ፈንታሌ ግርጌ ላለው ከረዩ በኦሮምኛ፣ አፍዴራ ላለው አርብቶ አደር በአፋርኛ፣ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳና ውሃ የት እንደሚያገኝ ጭምር ሊነግረው ይገባል። የሐዋሳና የሻሸመኔ አስተዳደሮችም ኮርቤቲ ቢነሳ ሕዝቡ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ አሁኑኑ በካርታ ያስቀምጡ።