ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ ወይስ ለራስ ቅል?

ሐረር ውስጥ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት የሚውልባቸውን ቦታዎች ብንቆጥር፣ ራስ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን። ክርን ላይ ይንጠለጠላል፣ መሪው ላይ ይሰካል፣ የነዳጅ ጋኑ ላይ ጉብ ይላል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ወደ ራስ ይወጣል፤ ፖሊሱ እንደታለፈ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ምክንያቱን የጠየቅናቸው ወጣቶች መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ እዚሁ ፈረስ መጋላ ድረስ እኮ ነው፤ ማን ይሮጣል?»

ይህ መልስ ሁለት እምነቶችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው ሄልሜት የፈጣን ሰው ዕቃ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝግ ያለ የከተማ ጉዞ ራስን አይጎዳም የሚለው ነው። እኛ በሙያችን የፊዚክስ መምህር ነን። ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን በቆየንባቸው ዓመታት ደግሞ፣ በዕረፍት ቀናት ከአማተር ተወዳዳሪዎች ጋር በዝግ የእሽቅድምድም ሜዳ ሞተር ስንነዳ ኖረናል። ዋንጫ ይዘን አልተመለስንም። ሰው ከሞተር ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ግን በብዛት አይተናል። በሁለቱም ዓይን ስንመለከተው፣ የወጣቶቹ መልስ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የሚስማማ አይደለም።

ከውድቀቱ እንነሣ። ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚህ ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ፣ ይህ የቁልቁል ፍጥነት ሞተሩ ወደ ፊት ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር የማይያያዝ መሆኑ ነው። ጋሊሊዮ ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ የቁልቁል ውድቀትና የፊት ጉዞ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ይካሄዳሉ። ስለዚህ በእሽቅድምድም ሜዳ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተንሸራተተው ተወዳዳሪም ሆነ፣ ፈረስ መጋላ ላይ አህያ ገብታበት ሚዛኑን የሳተው ወጣት፣ ራሳቸው ለጥ ካለ አስፋልት ጋር የሚጋጭበት የቁልቁል ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ሄልሜት ማጥለቁ፣ ሁለተኛው ክርኑ ላይ ማንጠልጠሉ ነው።

አሁን ወደ አቋቋሙ እንለፍ። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በተጠቀሰው ፍጥነት የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል 78 ጁል ገደማ ነው። ይህ ብዙ አይደለም፤ ጉዳቱን የሚወስነው ኃይሉ በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚጠፋ ነው። ባዶ ራስ ቅል አስፋልት ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቆመ ብንል፣ ራሱ ላይ የሚያርፈው ግፊት በአማካይ ከ2 ተኩል ቶን ጭነት ይበልጣል። በሄልሜቱ ውስጥ ያለው አረፋ ተጨፍልቆ ራሱን በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካቆመው ግን ግፊቱ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል፤ ያም በሰፊ የራስ ክፍል ላይ ተዳርሶ ነው። በሦስት ሚሊ ሜትርና በሦስት ሴንቲ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት፣ አልቅሶ በመነሣትና ባለመነሣት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ስሌት የሚከተለው ነገር ገበያ ላይ ያለውን ልማድ ይገለብጣል። ገዢው ሱቅ ገብቶ ሄልሜቱን በጣቱ አንኳኩቶ «ጠንካራ ነው» ይላል። የሚያንኳኳው የውጩን ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሹል ነገር እንዳይዘልቅና ግፊቱ እንዲከፋፈል ያግዛል እንጂ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከውስጥ ያለው የፖሊስታይሪን አረፋ ነው፤ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲወጣ የምናየው የነጩ አረፋ ጠጠር ያለ ወንድም ማለት ነው። አረፋው የሚሠራው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። አደጋ ያየ ሄልሜት ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ፣ የሚሸጠው ቅርፊቱ ብቻ ነው። በየጋራዡ የምናየው ሌላ ልማድም አለ፤ ሄልሜትን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ መወልወል። ፖሊስታይሪን በቤንዚን ይሟሟል። ባለቤቱ ከውጭ ሲያብረቀርቅ አይቶ ሲደሰት፣ ከውስጥ መድኃኒቱ እየተበላ ነው። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ አጥልቀው ሞተር ስለሚነዱት ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያ ቆብ የተሠራው ከላይ ለሚወርድ ድንጋይ እንጂ ከላይ ለሚወርድ ሰው አይደለም።

ታሪኩም የሚያሳየን ነገር አለ። በማን ደሴት በሚካሄደው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1914 ሄልሜት ግዴታ የሆነው፣ ኤሪክ ጋርድነር የተባሉ ሐኪም በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ የራስ ጉዳት እየበዛ ማየት ስለሰለቻቸው ነበር። መጀመሪያ የተሠሩት ከሸራና ከሙጫ ነበር። ውድድሩ ይህን ቢቀበልም፣ መንገዱ ሳይቀበል ብዙ ዓመታት አለፉ። «የዓረቢያው ሎረንስ» እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ያለ ሄልሜት ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ በራስ ጉዳት ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ወጣቱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን በኀዘን ብቻ አልተወውም፤ የሞተረኞችን ሞት ማጥናት ጀመረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ለመልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። በእንግሊዝ ለተራው ሕዝብ ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ማስረጃ ከተገኘ በኋላ ሕጉ እስኪመጣ 32 ዓመት ፈጀ። በኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ሄልሜትን ግዴታ ካደረገ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ሕጉ ቀድሞ እምነቱ ገና በመንገድ ላይ ነው። ማስረጃ ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስፍሯል።

ይሁንና ከ42 በመቶ በኋላ የሚቀረው ትልቅ ነው፤ እኛም ሄልሜትን ክታብ አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። በዝግ ሜዳ የሚወዳደር ሰው ከሄልሜቱ ሌላ አንድ ትልቅ ጠባቂ አለው፤ ባዶ ቦታ። ከመጠምዘዣው ውጭ ሰፊ የጠጠር ሜዳ ይጠብቀዋል፤ ይንሸራተታል፣ ይንከባለላል፣ ይነሣል። የማን ደሴት መንገድ ይህ የለውም። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዙሪያ በመንደሮችና በድንጋይ አጥሮች መካከል ያልፋል፤ ከ250 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎችም ሕይወታቸውን አጥተውበታል። የዓለም ሻምፒዮኑ ጃኮሞ አጎስቲኒ እ.ኤ.አ. በ1972 ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዚያ ከሞተ በኋላ ዳግመኛ አልወዳደርበትም አለ፤ ከ1976 በኋላም ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። እነዚህ ሰዎች በዘመናቸው የነበረውን የመጨረሻ ምርጥ ሄልሜት ያጠለቁ ነበሩ።

ጀጎልን ለሚያውቅ አንባቢ ምን ልንል እንደፈለግን ግልጽ ይመስለናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተገነባው ግንብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ለሰውና ለጭነት እንስሳ የተበጁ ናቸው። በብዙዎቹ እጁን የዘረጋ ሰው ሁለቱንም ግድግዳ ሊነካ ምንም አይቀረው። ያን ጊዜ የሚመጣው ግጭት የቁልቁል ሳይሆን የፊት ነው፤ የፊቱ ፍጥነት ደግሞ በሞተረኛው እጅ ነው። የአውሮፓው የሄልሜት መመዘኛ ዋና ፈተና ሄልሜቱን በሰከንድ 7.5 ሜትር፣ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር፣ ከብረት ጋር ያጋጫል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከድንጋይ ግድግዳ ጋር የሚጋጭ ራስ የሚሸከመው ኃይል ከዚህ ከ2 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እኛ ከተጠየቅን፣ ከፈላና በር እስከ ቡዳ በር በጠባብ መንገዶች ውስጥ ሞተር መሮጥ ከሚችል ሰው እኩል መራመድ አለበት። በእሽቅድምድም ሜዳ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መንዳት በጀጎል 40 ከመንዳት የተሻለ ነው ስንል የሚስቁ ባልደረቦች አሉን፤ ስሌቱን ግን እስካሁን ያፈረሰልን የለም።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ፍጥነት አለ፣ የጫት መኪኖች አሉ፣ ዳገቱን እንደ ውድድር ሜዳ የሚያዩ ወጣቶችም አልጠፉም። በዚህ መንገድ ላይ ከራስ ቀጥሎ የሚከፍለው ቆዳ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የወደቀ ሰው አስፋልት ላይ 14 ሜትር ያህል ለ2 ሰከንድ ይንሸራተታል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከሆነ 56 ሜትር ለ4 ሰከንድ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልት ሞረድ ነው፤ የጥጥ ሱሪ በመጀመሪያው ሰከንድ ይቀደዳል። በጀርመን ሜዳ ከመግባታችን በፊት ተቆጣጣሪው የቆዳ ልብሳችንን ስፌት በጣቱ እየጎተተ፣ ጓንቱ የእጅጌውን ጫፍ መሸፈኑን፣ የጀርባ መከላከያው መኖሩን እያየ ነበር የሚያሳልፈን። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወድቆ፣ ቆዳው ተልጦ፣ የራሱ ቆዳ ግን ሳይነካ ተነሥቶ ሞተሩን የሚሳደብ ሰው አይተናል።

እዚህ ላይ ሄልሜትና ልብስ ይለያያሉ። ሄልሜት በዓይን ግምት የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ የአረፋው እፍጋት ትንሽ ከተሳተ ወይ ድንጋይ ይሆናል ወይ ጥጥ። የቆዳ ልብስ ግን በእጃችን ነው። በመኪና ግርግር ስፌት መኪናቸውን የሚያንጫጩት ልብስ ሰፊዎች ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ በክርን፣ በትከሻ፣ በጉልበትና በዳሌ ላይ በድርብ ስፌት ቢያሳርፉበት፣ ተራ ጃኬት ብዙ ርቀት ይጓዛል። ጓንትም እንዲሁ፤ የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነውና። ቆዳ ለውጭ ገበያ የምታቀርብ አገር ሞተረኛዋን በነጠላ ጫማ ማሰናበቷ ሁልጊዜ ይገርመናል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አንንቅም። ሙቀቱ እውነት ነው፤ በተለይ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ። አየር ማስገቢያ ያለውና ቀለሙ ነጭ የሆነ ሄልሜት ይረዳል እንጂ አያጠፋውም። በኪራይ ሞተር ላይ የብዙ ሰው ራስ የገባበትን ሄልሜት መጸየፍም ተገቢ ነው፤ ከሥር የምትደረግ ስስ የጥጥ ቆብ ትበቃለች፣ ሻሽ የምትሸፍን ሴትም ስስ ሻሿን አጥብቃ ማጥለቅ ትችላለች። ወፍራም ጥምጥም ግን ሄልሜቱን ያላላዋል። የማገጃ ጠፍሩ ካልታሰረ ደግሞ ውይይቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከባለቤቱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል። ዋጋን በተመለከተ መልስ የለንም፤ ውድ ነው። ርካሹ ግን ምን ያህል እንደሚያገለግል ማንም ለክቶ አልነገረንም፤ ሐሳባችንም እዚህ ላይ ነው።

ፋኩልቲያችን ይህን መለካት ይችላል። የሚያስፈልገው 3 ሜትር የሚረዝም መሪ ሐዲድ፣ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የራስ ቅርጽ፣ ከመሬት ጋር የታሰረ የብረት መደብና አንድ የግጭት መለኪያ ነው። ከ2.87 ሜትር የሚለቀቅ ሄልሜት መሬት የሚደርሰው በዚያው በመመዘኛው ፍጥነት ነው። በተማሪዎቻችን ስልክ ውስጥ ያለው መለኪያ ለዚህ አይበቃም፤ የአብዛኛው ስልክ ከስበት 16 እጥፍ ላይ ይቆማል፣ እኛ የምንፈልገው እስከ 500 የሚያነብ ነው። መለኪያው ከውጭ መገዛት አለበት፤ የቀረውን ወርክሾፓችን ይሠራዋል። ከሐረርና ከድሬዳዋ ሱቆች ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ሄልሜት ተገዝቶ፣ መመዘኛው ከሚፈቅደው 275 እጥፍ በላይ ያለፈውና ያላለፈው ተለይቶ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ቢወጣ፣ ወጣቱ ከማንኳኳት የተሻለ መምረጫ ያገኛል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የመካኒክስ ቤተ ሙከራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው።